የራይድ ዋጋና የላዳ ኮንትራት፦ ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

ሂሩት ከሒሳብ ክፍል

ሰላም ለሁላችሁም። ቢሮው ሜክሲኮ አካባቢ ለሆነ አነስተኛ ድርጅት የሠራተኞች የማታ ትራንስፖርት በጀት እየሠራሁ ነው። ሠራተኞቹ የሚበተኑት ወደ ሳሪስ፣ ጀሞና አያት ነው። ግማሾቹ 11 ሰዓት ተኩል ይወጣሉ፣ ግማሾቹ ከምሽቱ 3 ሰዓት። ያለን አማራጭ ወይ ራይድ ነው ወይ የላዳ ኮንትራት። ራይድ ስል የአፕ ታክሲዎቹን ሁሉ ማለቴ ነው፤ ፈረስም ይሁን ዛይራይድ ወይም ያንጎ።

ያልገባኝ ነገር አለ። ያው መንገድ 11 ሰዓት ተኩል ላይና 3 ሰዓት ላይ ዋጋው ይለያያል። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ዋጋው ከፍ ብሎም ሹፌር አይገኝም፤ የተገኘውም ደውሎ «ወዴት ናችሁ?» ይልና ይሰርዛል። ላዳ በበኩሉ ለሳሪስ ከራይድ አነስ ያለ ይጠራል፣ ለአያት ሲሆን ግን ዋጋውን ይሰቅለዋል። መጀመሪያ የሚታየው ግምትና መጨረሻ ላይ የሚወጣው ሂሳብም አይገጥምም። ሰው ሁሉ «ነዳጅ ጨምሮ ነው» ይላል፤ ነዳጅ ግን በ11 ሰዓት ተኩልም በ3 ሰዓትም ዋጋው አንድ ነው። ሥራውን የምታውቁ ሰዎች ዋጋው ከምን ከምን እንደሚሠራ በቁጥር ብታስረዱኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ኮድ 3

እህት ሂሩት፣ ነዳጁን ለጊዜው ተይውና ከሂሳቡ አሠራር እንነሳ።

የአፕ ታክሲ ሂሳብ መነሻ፣ የኪሎ ሜትርና የደቂቃ ክፍያ ተደምሮ ነው የሚወጣው። መጠኑ ከድርጅት ድርጅት፣ ከመኪና ዓይነት ዓይነት ይለያያል፣ ቶሎ ቶሎም ይቀየራል። አንዳንዱ ደቂቃውን ከመነሻ እስከ መድረሻ ይቆጥራል፣ አንዳንዱ መኪናው የቆመበትን ብቻ። ለስሌት እንዲያመች እኔ መነሻ 150 ብር፣ በኪሎ ሜትር 25 ብር፣ በደቂቃ 3 ብር ልያዝ፤ ደቂቃውም ጉዞውን ሙሉ ይቆጠር። ይህ የማንም ታሪፍ አይደለም፤ አንቺ የምትጠቀሚበትን ቁጥር ተኪበት።

ከሜክሲኮ ጀሞ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው እንበል። ከምሽቱ 3 ሰዓት መንገዱ ስለሚለቀቅ 25 ደቂቃ ይበቃል፤ 150 እና 250 እና 75 ሲደመር 475 ብር። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሳር ቤት በኩል ተዘጋግቶ አንድ ሰዓት ቢፈጅ 150 እና 250 እና 180፣ 580 ብር ይመጣል። ተሳፋሪ የሚያየው የ105 ብሯን ጭማሪ ነው።

አሁን ከሹፌሩ ወንበር እንየው። ማታ ተሳፋሪው ጋ ለመድረስ 10 ደቂቃ ቢነዳ፣ በ35 ደቂቃ 475 ብር ሠራ፤ በሰዓት 814 ብር መሆኑ ነው። በ11 ሰዓት ተኩሉ ጥሪ ግን ለማንሳት ብቻ 15 ደቂቃ ይሄዳል፤ በ75 ደቂቃ 580 ብር፣ በሰዓት 464 ብር። ጭማሪዋን 105 ብር ደግሞ በዝርዝር ውሰጃት። ሞተር እየሠራ ቆሞ ሲጠብቅ በሰዓት 0.7 ሊትር ያህል ቤንዚን ይበላል፤ ለተጨማሪው 35 ደቂቃ በ101 ብር ሂሳብ ወደ 41 ብር ነው። የአፑ ድርጅት ኮሚሽን 12 በመቶ ቢሆን ሌላ 13 ብር። ለሹፌሩ የምትተርፈው 51 ብር ናት፣ ለ40 ደቂቃ ተጨማሪ ሥራ። ስልክ ደውሎ መድረሻ የሚጠይቀውና የሚሰርዘው ለዚህ ነው። «ስግብግብ ናቸው» የሚለው ፍርድ ይህን ሂሳብ ሳያዩ የሚሰጥ ስለሆነ ያሳዝነኛል። ሲሰርዝ ተሳፋሪው መንገድ ላይ ይቀራል፣ ያም ልክ አይደለም፤ ግን ምክንያቱ ታሪፉ ውስጥ ነው ያለው።

ሹፌሩ ማታ በሰዓት የሚያገኘውን ያህል በዚያ ሰዓትም እንዲያገኝ ጉዞው 1,018 ብር ገደማ መሆን ነበረበት፤ ማለትም 580ው በ1.75 ይባዛል። አፑ በግርግር ሰዓት የሚጨምረው ብዜት ይህን ጉድለት ለመሙላት የተሠራ ነው። ብዜቱ 1.2 ወይም 1.3 ላይ ከቆመ አይሞላውም። ስለዚህ ተሳፋሪው ውድ ከፍሎም መኪና ያጣል። «ትንሽ ጨምሩልኝና ልምጣ» የሚባለውም አፑ ያጎደለውን በአፍ መደራደር ነው።

ለአዲስ አበባ መንገድ የሚሻለው የኪሎ ሜትሩን ቀነስ አድርጎ የደቂቃውን ከፍ ማድረግ ይመስለኛል። ኪሎ ሜትሩ 15፣ ደቂቃው 8 ብር ቢሆን፣ የማታው ጉዞ 500፣ የ11 ሰዓት ተኩሉ 780 ብር ይሆናል። የሹፌሩ የሰዓት ገቢ 857 እና 624 ነው፤ ክፍተቱ ያለ ምንም ብዜት በጣም ይጠባል። ተሳፋሪውም ጭማሪው ከየት እንደመጣ ሰዓቱን አይቶ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ነገር ባዶ ኪሎ ሜትር ነው። የላዳና የራይድ ልዩነት በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። መኪናው ካለበት እስከ ተሳፋሪው፣ ከመድረሻው እስከ ቀጣዩ ጥሪ የሚነዳው ሁሉ የሚከፍልበት ሰው የለም። ላዳ ተራ ይዞ ይቆማል፤ ተሳፋሪው ነው ወደ እሱ የሚመጣው። የማንሻ ኪሎ ሜትሩ ዜሮ ስለሆነ ሳሪስን የመሰለ አጭር ጉዞ ረከስ አድርጎ ቢወስድ ያዋጣዋል። ራይዱ ለዚያው አጭር ጉዞ 3 ኪሎ ሜትር ባዶ ነድቶ ይመጣል፤ መነሻ ክፍያ የሚባለው የተቀመጠው በዋናነት ለዚህ ነው። መንገዱ ባጠረ ቁጥር መነሻው ከጠቅላላው ዋጋ ትልቁን ድርሻ ይይዛል።

አያት ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ላዳው ማታ ከአያት ወደ መሃል ከተማ የሚመልሰው ሰው አይጠብቅም፤ ስለዚህ 15 ኪሎ ሜትሩን እንደ 30 ቆጥሮ ነው ዋጋ የሚጠራው። የራይዱ ሹፌር ግን አፑን ከፍቶ እዚያው አያት ወይም ሲኤምሲ ላይ ሌላ ጥሪ ሊያገኝ ይችላል። የባዶ መመለሻውን ወጪ ሙሉ በሙሉ አንቺ ላይ አይጭንም። ጠዋት ከአያት ወደ ሜክሲኮ ቢሆን ደግሞ ላዳውም ዋጋውን ይቀንስልሻል፣ መሃል ከተማ ሥራ ስለሚያገኝ።

ነዳጁ? ነዳጅ የዋጋውን ወለል ነው የሚያነሳው፣ በሰዓት የሚያመጣው ልዩነት የለም። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ቤንዚን ሊትሩ 47.83 ብር ሆነ፤ በ2017 ታኅሣሥ መጨረሻ 101.47 ብር ደረሰ። በከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ለሚበላ ቪትዝ በኪሎ ሜትር ከ3.35 ወደ 7.10 ብር ወጣ ማለት ነው። የጀሞው ጉዞ ከነማንሻው 13 ኪሎ ሜትር ነው፤ የነዳጁ ወጪ 92 ብር፣ ከ475ቱ አምስተኛው ገደማ። ስለዚህ ነዳጅ እጥፍ ሲሆን ታሪፉ እጥፍ መሆን የለበትም። ዛሬ የማደያው ዋጋ ሌላ ከሆነ 0.07ን በዚያ አባዢ።

በነዳጅ ላይ የሚረሳው የሰልፉ ወጪ ነው። ሁለት ሰዓት ማደያ ቆሞ 30 ሊትር የቀዳ ሹፌር፣ ሰዓቱን በ464 ብር ብንቆጥርለት 928 ብር ከስሯል። ይህ በእያንዳንዱ ሊትር ላይ 31 ብር የተጨመረ ያህል ነው፣ ዋጋ ሰሌዳው ላይ ግን አይታይም። ቤንዚን በጠፋ ሳምንት የራይድ ዋጋ የሚንረው በዋናነት በዚህ ነው፤ ግማሹ መኪና ሰልፍ ላይ ስለሚሆን ለጥሪ የሚወጣው ያንሳል።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። ጎማ፣ ዘይት፣ የፍሬን ሸራ፣ ኢንሹራንስና ቦሎ አለ። ትልቁ ግን የመኪናው ዋጋ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ ተከትሎ ወጣ። ላዳው የተገዛበት ገንዘብ ከብዙ ዓመት በፊት ተመልሷል። ቪትዝ ወይም ዲዛየር ገዝቶ በቅርቡ ሥራ የጀመረ ግን የመኪናውን ዕዳ ከእያንዳንዱ ጉዞ ላይ ማንሳት አለበት። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለከል ብዙ ሰው ወደ ኤሌክትሪክ ሄደ። የእነሱ የኪሎ ሜትር ወጪ ዝቅ ያለ ነው፤ ግን ቻርጅ የሚያደርጉበት ሰዓትና የመኪናው መግዣ ያንኑ ያካክሳል።

ሰማያዊ

ኮድ 3 በደንብ ዘርዝሮታል። ከላዳ በኩል የጎደለ አንድ ነገር አለ፤ ኮንትራት ማለት የመንገዱን መዘጋት ሹፌሩ ተሸከመ ማለት ነው። ዋጋው ከመነሳታችሁ በፊት ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓትም ቆመ ሁለት ሰዓት ጭማሪ የለም። ላዳ በ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር ያህል ይበላል፣ በኪሎ ሜትር ከ11 ብር በላይ ነው፤ ከቪትዝ ጋር በነዳጅ መወዳደር አይችልም። 11 ሰዓት ተኩል ላይ የሚጠራው ዋጋ ከፍ የሚለው መንገዱ ይዘጋል ብሎ አስቀድሞ ስለሚያስብ ነው።

ስለዚህ ስትደራደሩ መድረሻውን በሰፈር ስም ብቻ አትንገሩት። «ጀሞ» ሲባል ጀሞ 1ም ጀሞ 3ም ሊሆን ይችላል፤ ሹፌሩ ራቅ ያለውን አስቦ ይጠራል። «ጀሞ 1፣ ዋናው አስፋልት ላይ ወራጅ፣ መሃል ላይ የምናቆምበት የለም፣ ሦስት ሰው» ተብሎ ሲነገረው ዋጋው ይወርዳል። ወደ ውስጥ የሚገባ ኮብልስቶን ወይም ፒስታ ካለ ቀድሞ ይነገር። ደርሶ መጨቃጨቅ የሚመጣው ሁልጊዜ በዚህ ነው፤ ሹፌሩ የሚጠይቀው ጭማሪ ለርቀቱ ሳይሆን ለመኪናው እግር ነው። ሻንጣ ወይም ዕቃ ካለም እንደዚያው፣ አስቀድሞ ይባል።

ቢጫዎቹን አትርሷቸው። ከቀረጥ ነፃ የገቡ ስለሆኑ የመኪናው ወጪ ለባለቤቱ ቀለል ብሎ ነው የተጀመረው፤ ብዙዎቹ ዛሬ በአፕም ይሠራሉ፣ በቃልም ይደራደራሉ።

ካርታ

በግምቱና በመጨረሻው ሂሳብ መካከል ስላለው ልዩነት እኔ ልመልስ።

ግምቱ የሚሠራው ካርታው ላይ አጭሩን መንገድ ይዞ፣ በዚያች ቅጽበት ያለውን ፍጥነት አይቶ ነው። የመጨረሻው ሂሳብ የሚሠራው ደግሞ የሹፌሩ ስልክ በተጨባጭ ከመዘገበው ኪሎ ሜትርና ደቂቃ ነው። ሁለቱ የሚለያዩባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው።

አንደኛ፣ ፒኑ (ካርታው ላይ ቦታውን የሚያሳየው ምልክት) የተቀመጠበት ጎን። ቀለበት መንገድ ላይና መሃሉ በተከለለ ሰፊ አስፋልት ላይ መዞሪያው ሩቅ ነው። ፒኑ ከትክክለኛው ጎን 30 ሜትር ብቻ ተሻግሮ ማዶ ካረፈ፣ ሹፌሩ ዞሮ ለመምጣት 2 ወይም 3 ኪሎ ሜትር ሊጨምር ይችላል። ሲያነሳችሁ ከሆነ ወጪው የሱ ነው፤ ለመሰረዝ ሌላ ምክንያት ይሆነዋል። መድረሻው ላይ ከሆነ ወጪው የእናንተ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ካርታውን አስፍታችሁ ፒኑን በእጅ መጎተትና መኪናው በሚሄድበት አቅጣጫ በቀኝ በኩል ማሳረፍ።

ሁለተኛ፣ በስልክ የሚደረግ ጥሪ። በ8294 ወይም በሌላ አጭር ቁጥር ደውላችሁ «ሜክሲኮ፣ ሕንፃው ፊት ለፊት» ስትሉ ኦፕሬተሩ በግምት ነው ነጥቡን የሚያስቀምጠው። ከተማችን በቤት ቁጥርና በመንገድ ስም አይሠራም፣ በምልክት ነው። ሹፌሩ ሦስት ጊዜ ደውሎ «የት ጋር ናችሁ?» ሲል የሚያልፉት ደቂቃዎች ገና ሂሳብ ባይጀምሩም፣ ሰዓቱን በልተውበታል። መድረሻ ካልተሞላ ደግሞ ግምት የሚባል ነገር ጭራሽ የለም።

ሦስተኛ፣ የተዘጋ መንገድ። በኮሪደር ልማቱ ሥራ ወቅት እንደታየው አንድ ማቋረጫ ሲዘጋ ካርታው እስኪያውቀው ጊዜ ይወስዳል። ግምቱ በተዘጋው መንገድ ይወጣል፣ መኪናው ግን ዞሮ ይሄዳል።

አራተኛው የስልኩ ጉዳይ ነው። ባትሪ ቆጣቢ የበራበት ስልክ ስክሪኑ ሲጠፋ ቦታ መመዝገቡን ያቋርጣል፤ ተመልሶ ሲበራ አፑ በመሃል ያለውን ክፍተት በራሱ ግምት ይሞላዋል። ቆሞ ባለ መኪና ላይም ነጥቡ ወዲያና ወዲህ እየዘለለ ትንሽ ትንሽ ሜትር ሊደምር ይችላል፤ በተለይ ረጃጅም ሕንፃ ባለበት። ኔትወርክ ሲቋረጥ ደግሞ «ጉዞ ጨርስ» የሚለው ቁልፍ ተነክቶም አይዘጋም፣ ደቂቃው መቁጠሩን ይቀጥላል። ሹፌሩ ሆን ብሎ ያደረገው የሚመስለው አብዛኛው ልዩነት ከእነዚህ አንዱ ነው።

ማጣሪያው ይህ ነው። ሲነሱ የመኪናውን የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ፎቶ አንሱ፣ ሲደርሱም እንደዚያው። የሁለቱ ልዩነት ከአፑ ኪሎ ሜትር ጋር በ5 በመቶ ውስጥ ካልተቀራረበ ለድርጅቱ ቅሬታ አቅርቡ፣ ፎቶዎቹን አያይዛችሁ። ከቆማችሁ በኋላ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ጉዞው መዘጋቱን ስክሪኑ ላይ እዩ። ቴሌብር እስኪያልፍ እየጠበቃችሁ ሜትሩ ክፍት ከሆነ ደቂቃው የእናንተ ነው።

እና እባካችሁ፣ «አፑን ልዝጋውና በቃል እንሂድ» ሲባሉ አትስማሙ። ሹፌሩ ኮሚሽኑ በቅድሚያ ከሞላው ሂሳብ ላይ ስለሚቆረጥበት እንደሚፈልገው ይገባኛል። ነገር ግን ጉዞው ከተሰረዘ ማን፣ በየትኛው ሰሌዳ፣ ወዴት እንደሄደ የሚያሳይ መዝገብ አይኖርም። ዕቃ ቢረሳ፣ አደጋ ቢደርስ መነሻ የሚሆን ነገር የለም። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሴት ሠራተኞችን ለምታሳፍር ድርጅት ይህ ከዋጋው በፊት መምጣት ያለበት ነገር ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከዋሽንግተን አካባቢ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እዚህም ታክሲ የሚነዳ ሐበሻ ብዙ ነው፣ ክርክሩም ያው ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ዲሲ እስከ 2008 ድረስ ታክሲ በዞን ነበር የሚያስከፍለው፤ ከተማው ተከፋፍሎ፣ ስንት ዞን እንዳለፋችሁ ተቆጥሮ። መንገድ ቢዘጋም ባይዘጋም ዋጋው ያው ነበር፤ ሰማያዊ እንዳለው የኮንትራት ዓይነት። ከዚያ ሜትር ገባ፤ በ2012 ማይሉ 2.16 ዶላር ተደረገ። የታክሲው ታሪፍ በከተማው ደንብ የተወሰነ ስለሆነ በግርግር ሰዓትም፣ ሌሊት መጠጥ ቤት ሲዘጋም አይባዛም። ኡበርና ሊፍት ግን በነዚያ ሰዓቶች ይባዛሉ። ስለዚህ እዚህ ያለው ደንብ ቀላል ነው፤ በጸጥተኛ ሰዓት አፑ ይረክሳል፣ በግርግር ሰዓት የሜትር ታክሲው ይረክሳል። ታክሲ የማይጠቀም ሰው በዚያ ሰዓት ሁለቱን ሳያነጻጽር ነው የሚከፍለው።

ግብርም ዋጋውን ይለውጠዋል። ዲሲ በ2018 ኦክቶበር በአፕ ጉዞ ላይ የሚጣለውን ግብር 6 በመቶ አደረገው። ኒው ዮርክ ከ96ኛው መንገድ በታች ማንሃተንን ለሚነካ ጉዞ የአፑን ተሳፋሪ 2.75፣ የቢጫ ታክሲውን 2.50 ዶላር ያስከፍላል። ከ2025 ጃንዋሪ ጀምሮ ከ60ኛው መንገድ በታች ባለው ክልል ደግሞ በአፑ ላይ 1.50፣ በታክሲው ላይ 75 ሳንቲም ተጨምሯል።

ለኮድ 3 ሐሳብ የሚጠቅም ነገር የኒው ዮርኩ ቢጫ ታክሲ ላይ አለ። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ መነሻው 3 ዶላር ነው፤ ከዚያ መኪናው ሲሄድ በየአንድ አምስተኛ ማይሉ 70 ሳንቲም፣ ሲንቀራፈፍ ወይም ሲቆም በየደቂቃው 70 ሳንቲም። ሁለቱን አንድ ላይ አይደምርም፤ ወይ ርቀቱን ወይ ጊዜውን ነው የሚቆጥረው። በሥራ መውጫ ሰዓት ደግሞ፣ በሥራ ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት በናንተ አቆጣጠር፣ 2.50 ዶላር ይጨመራል። ብዜት አይደለም፣ ቁርጥ ጭማሪ ነው፤ ተሳፋሪው ቀድሞ ያውቀዋል።

ባዶ ኪሎ ሜትርን በሕግ ያስገባው ደግሞ የኒው ዮርክ የሹፌሮች ዝቅተኛ ክፍያ ነው፤ በ2019 ነው የጀመረው። ሹፌሩ አፑ ላይ ሆኖ ከሚያሳልፈው ጊዜ ሰው የጫነበት 58 በመቶው ብቻ ነው ተብሎ ተያዘና፣ ለማይል የታሰበው 63.1 ሳንቲም በ0.58 ተካፍሎ 1.09 ዶላር ገደማ ሆነ። ባዶ የሚዞርበት ክፍያ በተሳፈረበት ማይል ላይ ተጨመረለት ማለት ነው። አፑ መኪና ካበዛና ሹፌሮቹ ባዶ መዞር ካበዙ፣ ቁጥሩ ሲታደስ የሚከፍለው ይጨምራል። አዲስ አበባ ውስጥ ታሪፍ ሲወሰን እንዲህ ያለ ስሌት ጠረጴዛ ላይ ቢቀርብ ለሹፌርም ለተሳፋሪም ይጠቅማል።

ዴይራ

ከዱባይ አጭር ነገር ልጨምር፤ አፕ ሁልጊዜ ይረክሳል ብለው ለሚያስቡ። እዚህ የመንገዶችና ትራንስፖርት ባለሥልጣን በአፕ የሚጠሩ የሊሙዚን አገልግሎቶች ከታክሲ ዋጋ 30 በመቶ ገደማ ከፍ እንዲሉ ደንግጓል፤ ታክሲው በዋጋ እንዳይገፋ። በካሪም አፕ «ሃላ» ብላችሁ የምትጠሩት ግን ራሱ የከተማው ታክሲ ነው፣ በሜትሩ የሚያስከፍል። የሳሊክ (የመንገድ መጠቀሚያ) በር ክፍያም በተሳፋሪው ሂሳብ ላይ ይደመራል፤ ከ2025 ጃንዋሪ 31 ጀምሮ በግርግር ሰዓት 6፣ በሌላ ሰዓት 4 ድርሃም ነው፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነፃ። እስራኤልም በግል መኪና ሰው ጭኖ ማስከፈል ስለማይፈቀድ፣ ጌት የሚባለው አፕ የሚጠራላችሁ ፈቃድ ያለው ታክሲ ነው። ዋጋው የሚመጣው ከየአገሩ ደንብ ነው፤ አፑ ስልክ ላይ መኖሩ ብቻውን አያረክሰውም።

ሂሩት ከሒሳብ ክፍል

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የጠቀማችሁኝ። እንግዲህ በተግባር፦ 11 ሰዓት ተኩል ለሚወጡት ምን ልያዝ? ለ3 ሰዓቶቹስ? ደረሰኝ ደግሞ የግድ ያስፈልገኛል።

ኮድ 3

ለ11 ሰዓት ተኩሎቹ በነፍስ ወከፍ ራይድ አትያዢ፤ በሰዓቱ ዋጋውም መኪናው መገኘቱም አይተማመንም። የሰው ቁጥር በአንድ አቅጣጫ ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሚኒባስ በወር ኮንትራት ሰርቪስ ያዢ። ውሉ ላይ መስመሩ፣ የማውረጃ ቦታዎቹ፣ መኪናው ቢበላሽ ምትክ በስንት ደቂቃ እንደሚመጣና የነዳጅ ዋጋ ሲቀየር ክፍያው እንዴት እንደሚስተካከል ይጻፍ። የመጨረሻው ካልተጻፈ በመጀመሪያው የነዳጅ ጭማሪ ባለመኪናው ይቀራል። ማስተካከያውም ቀላል ነው፤ ሚኒባሱ በወር የሚነዳው ኪሎ ሜትር፣ በኪሎ ሜትር የሚበላው ሊትር፣ በሊትር የጨመረው ብር ይባዛሉ። ከዚያ በላይ አይከፈልም፣ ከዚያ በታችም አይባል።

ሰው ካልሞላና ሥራው ከፈቀደ፣ መውጫውን ወደ 1 ሰዓት ተኩል ግፊው። መንገዱ ቀለል ይላል፣ መኪናም ይለቀቃል።

ለ3 ሰዓቶቹ ራይድ ይሻላል። የአያቶቹን በአንድ መኪና አድርጊያቸው፤ መገናኛ የሚወርድ ካለ በዚያው መስመር ነው፣ መነሻውን ሁለቴ አትከፍሉም። ጀሞንና ሳሪስን ግን አትቀላቅዪ፤ አንዱን አድርሶ ወደ ሌላው ሲዞር የሚጨምረው ኪሎ ሜትር የቆጠብሽውን መነሻ ይበላዋል። የሳሪሶቹን የሰማያዊን ምክር ተከትለሽ ከላዳ ጋርም አወዳድሪ።

ደረሰኝን በተመለከተ፣ ከሰውየው ጋር በቃል በሚቆረጥ ኮንትራት በግብር ጊዜ ተቀባይነት ያለው ሰነድ ማግኘት ይቸግራል፤ ላዳው ለሳሪስ ርካሽ ቢሆንም ወጪው ካልተያዘልሽ ጥቅሙ ይጠፋል። ለድርጅት ሂሳብ የሚከፍቱ የአፕ ታክሲዎች አሉ፤ ሠራተኛው ገንዘብ ሳይዝ ይሳፈራል፣ በወሩ መጨረሻ ዝርዝሩ ከነቀኑ፣ ከነመነሻና መድረሻው ይመጣል። ከመፈራረምሽ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቂ፦ ዋጋው 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ያካተተ ነው ወይ፣ የግርግር ሰዓት ብዜት ለድርጅት ደንበኛ ጣሪያ አለው ወይ፣ ሹፌር ከሰረዘ ሌላ መኪና የሚመደበው ማን ነው። ጣሪያ ካልሰጡሽ በጀቱን በማታው ዋጋ ላይ ብቻ አትሥሪ፤ ዝናብ በሚበዛባቸው በሐምሌና በነሐሴ ማታም ጭማሪ ይኖራል፣ ለእነዚያ ወራት ለየት ያለ መስመር ክፈቺለት።